በሽታን የሚደብቅ መድኃኒት

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ጃቢ ጠህናን ውስጥ፣ አጎቴ በየዓመቱ ጤፍ የሚዘሩበት ማሳ አለ። አንድ ሐምሌ ልጠይቃቸው ሄጄ በማለዳ ከማሳው ዳር ደረስኩ። ከጥማዱ አንዱ ቡሬ በሬ ነው፤ ቡሬ ከተማን ማለቴ አይደለም፣ መልኩን ነው። አጎቴ ቀንበሩን ከመጫናቸው በፊት እጃቸውን ጫንቃው ላይ ሲያሳርፉ በሬው ቆዳውን አርገፍግፎ ሸሸ። ጠጉሩን ገለጥ አድርገው አዩት። ሳንቲም የምታህል የቀንበር ቁስል፣ ገና እርጥብ። ቃል ሳይተነፍሱ ቀንበሩን መሬት አስቀመጡ፣ በሬውን ወደ መስኩ ለቀቁት፣ ልጃቸውን ከጎረቤት በሬ እንዲለምን ላኩት። ግማሽ ቀን እንዲሁ ባከነ፤ የሐምሌ ግማሽ ቀን ደግሞ ለገበሬ ቀላል አይደለም።

እሳቸው ራሳቸው በግራ እግራቸው እያነከሱ ነበር። የሚለመነው በሬ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከኮታቸው ኪስ የኪኒን ማሸጊያ አወጡ። ዳይክሎፌናክ ነው። ሁለት ፍሬ ባንድ ጊዜ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ አወረዱት።

“ጋሼ፣ ለበሬው እረፍት ሰጡት። ለእርስዎስ?”

“እኔማ አፍ አለኝ ልጄ። ሲብስብኝ እናገራለሁ። እሱ ምን አፍ አለው?”

በሌላ ዓመት ጥር ላይ ደግሞ ቡሬ አካባቢ የወጣቶች እግር ኳስ ፍጻሜ ተመለከትኩ። ሽልማቱ ሰንጋ ነበር፤ ሰንጋው ከሜዳው ጥግ ታስሮ እያመነዠከ ጨዋታውን ያያል። የአንደኛው ቡድን አጥቂ በመጀመሪያው አጋማሽ ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው። ለእረፍት ሲወጡ ታኬታውን ቢያወልቅ እግሩ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። የቡድኑ ወጌሻ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ አውራ ጣታቸውን ጫን አድርገው “እዚህ ጋ ያምሃል?” አሉት። “አያመኝም።” ወደታች ወረድ አድርገው “እዚህስ?” “ኧረ ምንም አያመኝም!” ወጌሻው ቀና ብለው ዙሪያውን የከበበውን ሰው አዩ። “ምን ሰጣችሁት?” ገና እንደወደቀ አንዱ ደጋፊ ሁለት ፍሬ ማስታገሻ አስውጦት ኖሯል። ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞሩና “እንግዲህ የማያምህ በኪኒኑ ይሁን በሰንጋው በምን አውቄ ልሽህ?” አሉት። ሰው ሳቀ። ልጁ በፋሻ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ ገባ፣ ሁለተኛውን አጋማሽም ተጫወተ። ማን እንዳሸነፈ ዘንግቼዋለሁ። ልጁ በማግሥቱ በሁለት ጓደኞቹ ትከሻ ተንጠልጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲገባ ግን አይቻለሁ።

በስፖርት ዓለም ስለ ህመም ማስታገሻ የሚደረገውን ክርክር ሁሉ የማነበው በእነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ንግግር በኩል ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላል ያገራችን ሰው። መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን የሚደብቅ ሲሆን ምን እንደሚባል ግን ተረቱ አልነገረንም።

ማስታገሻ የምንለው አንድ ነገር ስላልሆነ መጀመሪያ ዘር ዘሩን እንለየው። ፓራሲታሞል አለ፣ በየቤቱ መሳቢያ የሚገኘው። ቀጥሎ እብጠትንም ህመምንም የሚቀንሱት እነ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን አሉ፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው የሚይዘው አድቪል ከዚህ ወገን ነው። ከዚያ የኦፒየም ዘመዶች ይመጣሉ፦ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ትራማዶል። በመጨረሻም በመርፌ የሚሰጡት፣ ቦታውን የሚያደነዝዙትና እነ ኮርቲዞን።

የሁለተኛው ወገን ጉዳይ ለሯጭና ለኳስ ተጫዋች ከሁሉም የቀረበ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሰውነት በተጎዳ ቦታ ላይ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል፤ እብጠቱንና የህመሙን ስሜት የሚያባብሱት እነሱ ናቸው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ምርቱን ያግዳሉ። ችግሩ እነዚሁ ፕሮስታግላንዲኖች ሌላም ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃሉ፤ ሰው በላብ ብዛት ውሃ ሲያንሰው ደግሞ ወደ ኩላሊት ደም የሚወስደው ሥር እንዳይጠብ ከፍተው ይይዙታል። ስለዚህ ቤቱ ተኝቶ አንድ ፍሬ የዋጠና በጠራራ ፀሐይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እየሮጠ የዋጠ ሰው የወሰዱት ኪኒን ስሙ አንድ ቢሆንም ሥራው አንድ አይደለም። አጎቴም በባዶ ሆድ ሁለት ፍሬ ውጠው ቀኑን ሙሉ እርፍ ጨብጠው ሲውሉ ከሯጩ ወገን ናቸው።

ይህ መላምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን ቦን ከተማ የማራቶንና የግማሽ ማራቶን ተሳታፊዎችን የጠየቁ ተመራማሪዎች ወደ 4 ሺህ ከሚጠጉት መላሾች ግማሽ ያህሉ ገና ሳይነሡ ማስታገሻ መውሰዳቸውን አገኙ። ከዋጡት መካከል ዘጠኙ ሆስፒታል ገብተዋል፦ ሦስቱ ከአይቡፕሮፌን በኋላ ኩላሊታቸው ለጊዜው ሥራ አቁሞ፣ አራቱ ከአስፕሪን በኋላ ደም ፈስሷቸው፣ ሁለቱ ደግሞ፣ እነሱም አስፕሪን ወስደው፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም ተመተው። ካልዋጡት ሆስፒታል የገባ አልነበረም። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት በ80 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ አይቡፕሮፌን የተሰጣቸው ሯጮች 52 በመቶ፣ ባዶ ኪኒን የተሰጣቸው 34 በመቶ የኩላሊት ጉዳት ምልክት እንዳሳዩ ዘግቧል፤ የተሳታፊው ቁጥር ከመቶ በታች በመሆኑ የመጨረሻ ቃል ነው አይባልም። ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በካሊፎርኒያው የ160 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ ተሠርቶ በ2006 የታተመው ነው። አይቡፕሮፌን የወሰዱት ሯጮች የህመም ስሜታቸው ካልወሰዱት አላነሰም፤ የሰውነታቸው መቆጣት ግን በዝቶ ተገኘ። ከፍለው የገዙት ዕዳ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ዋዳ፣ አንድን ነገር የክልከላ መዝገቡ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ጥያቄ ያነሳል፦ ብቃት ይጨምራል ወይ? ጤና ይጎዳል ወይ? ከስፖርት መንፈስ ጋር ይጋጫል ወይ? ከሦስቱ ሁለቱን ያሟላ ሊታገድ ይችላል። በዚህ መሠረት እነ ሞርፊን በውድድር ላይ ክልክል ናቸው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተፈቀዱ ናቸው። ትራማዶል ለረጅም ጊዜ መካከል ቆሞ ነበር። ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1977 ገበያ ላይ የዋለው ይህ መድኃኒት በብስክሌት ውድድር እጅግ ተዘወተረ፤ የሚያፈዝ በመሆኑም በአንድ ላይ ተጠጋግተው በሚነዱ ብስክሌተኞች መካከል አንዱ ፈዞ ሌላውን ይዞ ይወድቃል የሚል ስጋት ተነሣ። ዋዳ ከ2012 ጀምሮ ሲከታተለው ቆየ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ፌዴሬሽን ቀድሞ በመጋቢት 2019 አገደው፤ ኮሎምቢያዊው ናይሮ ኪንታና በ2022 ቱር ደ ፍራንስ 6ኛ ወጥቶ ደሙ ውስጥ ትራማዶል በመገኘቱ ውጤቱ ተሰረዘ። ዋዳ ራሱ እገዳውን ያጸናው ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እዚህ ላይ ሕጉ ትንሽ ያንገዳግዳል። በ2010 እንግሊዝ አገር የተሠራ ጥናት ብስክሌተኞች ፓራሲታሞል ወስደው የ10 ማይል ርቀት በ26 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሲጨርሱ፣ ሳይወስዱ 26 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ እንደፈጀባቸው አሳይቷል። ሠላሳ ሰከንድ! በሩጫ ዓለም ሠላሳ ሰከንድ የአንደኛና የአሥረኛ ልዩነት ነው። እንግዲህ “ብቃት ይጨምራል ወይ?” ለሚለው ጥያቄ ፓራሲታሞልም አዎ ያሰኛል። “ጤና ይጎዳል ወይ?” ለሚለው ዳይክሎፌናክ ከኩላሊት እስከ ጨጓራ ምስክር አለው። ታዲያ ለምን አይታገዱም? የሚሰጠው መልስ፣ ብዙ ጊዜ በጨረፍታ ብቻ የሚነገረው፣ ተግባራዊው ነው። የራስ ምታት ኪኒንን ወንጀል ብታደርገው ዓለምን በሙሉ መቅጣት ይሆንብሃል። የወር አበባ ህመም ይዟት አይቡፕሮፌን የምትውጥ ሯጭ ምን አጠፋች? ይህን መልስ እቀበላለሁ። የማልቀበለው “አልተከለከለም” የሚለው ቃል “ነውር የለበትም” ወደሚለው ሲሻገር ነው።

ከዚህ ይልቅ ግልጽ ሆኖ ያገኘሁት ሕግ የፈረስ ነው።

ጎጃም ፈረስ ያውቃል። ከቡሬ ትንሽ አለፍ ብሎ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲወጡ ያየ ሰው ፈረሱ እንደ ሙሽራ አጊጦ ሲመጣ አይቷል። ያነከሰ ፈረስ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን መሳቂያ ነው። የዓለም የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ከዚህ የተለየ አይልም፦ ፈረስ ፌኒልቡታዞን በተባለ ማስታገሻ ደንዝዞ መወዳደር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2009 መጠኑ ትንሽ ከሆነ ይፈቀድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ጩኸቱ በዛና ተሻረ። አሜሪካ ውስጥ በ1968 በታዋቂው የኬንታኪ ደርቢ አንደኛ የወጣው ዳንሰርስ ኢሜጅ የተባለ ፈረስ በዚሁ መድኃኒት ምክንያት ድሉን ተነጥቋል። ቁርጭምጭሚቱን የሚያመው ፈረስ ነበር፤ ልክ እንደ ቡሬው አጥቂ። ለፈረሱ ሕጉ ተሟገተለት። ለሰው ልጅ ግን ዳይክሎፌናክ ሲሰጥ ምንም ሕግ አልተጣሰም። ምክንያቱን አጎቴ ነግረውኛል፦ ሰው አፍ አለው፣ ይናገራል፣ ይስማማል። የህመም ማስታገሻ ሥነ ምግባር ክርክር በሙሉ የቆመው በዚህች አንዲት ምሰሶ ላይ ነው። ምሰሶዋ ደግሞ ነቀዝ በልቷታል።

የነቀዙን ሥራ ለማየት እግር ኳስን እንመልከት። በ2010 የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ የየቡድኑ ሐኪሞች ለፊፋ በሰጡት መረጃ መሠረት ከተጫዋቾቹ 60 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ማስታገሻ ወስደዋል፤ 39 በመቶዎቹ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት። ከእያንዳንዱ! ይህ ቁስል ያለበት ሰው ሕክምና አይመስልም፤ ታኬታ እንደማሰር ያለ የዝግጅት ሥርዓት ሆኗል። ክሮኤሺያዊው ኢቫን ክላስኒች በቨርደር ብሬመን ሲጫወት በ2007 ኩላሊቱ ሥራ አቆመ። የእናቱ ኩላሊት ተተከለለት፣ ሰውነቱ አልቀበልም አለ፤ ከዚያ የአባቱ። የደም ምርመራው ችግር እያሳየ ማስታገሻ ሲሰጠኝ ነበር ብሎ የክለቡን ሐኪሞች ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት የተዘጋው በ2020 ነው። የሊቨርፑሉ ዴንማርካዊ ዳንኤል አገር ኳስ ካቆመ በኋላ፣ ጀርባው እንዲችል ለዓመታት ከልክ በላይ እንደዋጠና ሰውነቱ እንደከዳው ራሱ ተናገረ። ከኳስ ወጥተን ደግሞ ራፋኤል ናዳል በ2022 አሥራ አራተኛውን የፈረንሳይ ኦፕን ሲያሸንፍ እግሩ በመርፌ ደንዝዞ ነበር፤ እንዲህ መቀጠል እንደማይፈልግም ከድሉ በኋላ ተናግሯል።

ናዳልን ከሌሎቹ ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ያኔ 36 ዓመቱ ነበር፣ ሐኪሙን የሚቀጥረው ራሱ ነበር፣ ቢቀር የሚያጣው ክብር እንጂ እንጀራ አልነበረም። “አዎ” ሲል አዎ ነው። ክላስኒች ግን ሐኪሙን አልቀጠረም። የክለብ ሐኪም ሁለት ጌታ አለው፦ ደመወዝ የሚከፍለው ክለብና ሱሪውን ከፍ አድርጎ ጉልበቱን የሚያሳየው ተጫዋች። ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር የትኛው ጌታ እንደሚያሸንፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሐኪሙ ሲሳሳት የሚቀጣው ደግሞ ሌላ ነው። በሲድኒ ኦሎምፒክ የ16 ዓመቷ ሩማንያዊት ጂምናስት አንድሪያ ራዱካን ወርቋን ተነጠቀች። ወንጀሏ ጉንፋን ይዟት የቡድኑ ሐኪም የሰጣትን ኪኒን መዋጧ ነው፤ ኪኒኑ ውስጥ ያኔ የተከለከለ ቅመም ነበር። ሕጉ አትሌት ለሰውነቱ ሙሉ ኃላፊ ነው ይላል፤ ማን ሰጠህ ብሎ ከቅጣት አያድንም። የ16 ዓመት ልጅ ለሐኪሟ “አልውጥም” የምትልበት አፍ ከየት ታመጣለች?

በዚያው ሲድኒ፣ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ 10 ሺህ ሜትር አሸነፈ። ያን ዕለት ያልዘለለ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔም ዘልያለሁ። ኃይሌ ወደ ሲድኒ የሄደው የተረከዝ ጅማቱን ታምሞ ነበር፣ ከድሉ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እኛ የምናወራው ግን ስለ መጨረሻዋ መቶ ሜትር ነው። ከዚያ በፊት አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ባደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። ይህን ለልጆቻችን እንተርካለን። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ያው አበበ ታማሚ እግር ይዞ ተነሣ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቆመ፤ ማሞ ወልዴ ብቻውን ሄዶ ወርቁን አመጣ። ይህን ግን ዝቅ ባለ ድምፅ እንተርከዋለን፣ እንደ ሽንፈት። እኔ ከአበበ ሥራዎች ሁሉ ይህን ማቆሙን ከፍ አድርጌ ማየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የሁለት ኦሎምፒክ አሸናፊ ሆኖ፣ ዓለም እያየው፣ እግሩ ያለውን ሰማ።

ለማለት የፈለግሁት፣ ቻይነትን የምናከብር ሕዝብ ነን። ጎጃም ላይ ወፍጮ ቤት ኩንታል የሚሸከመው ጎረምሳ ወገቡን ቢያመው “ቻለው” ይባላል። ገበሬውም ኪኒን በቀላሉ የሚገኝበት ዘመን ስለመጣለት ይችለዋል። አትሌቱ ከዚህ ቤት ነው የሚወጣው። ከሰከላ ወይም ከደጋ ዳሞት ሮጦ የተገኘ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ ኮተቤ ወይም ሱሉልታ ከሦስት ጓደኛው ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ለማራቶን በዓመት የሚያገኘው ዕድል አንድ ወይም ሁለት ነው። ከሽልማቱ ማናጀሩ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ካልሮጠ ግን የዜሮ አሥራ አምስት በመቶ ያው ዜሮ ነው። ስለዚህ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት ባቱን ሲወጋው ማሰልጠኛው ሜዳ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ፣ አሰልጣኙም ማናጀሩም፣ ገጠር ያለው ወንድሙም፣ ሳያውቁት በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። “አመመኝ” የሚለው ቃል ዋጋ አለው፤ ዋጋው አንዳንዴ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው፣ አንዳንዴ የታናሽ እህት ትምህርት። ማስታገሻው ኪሱ ውስጥ አለ፣ ሕጉ አይከለክልም፣ ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ተስማምቶ ነው የዋጠው ይባላል። የቡሬው ወጌሻ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ነው፦ በኪኒኑ ነው በሰንጋው?

የአገራችን የቁጥጥር ሥራ በዚህ በኩል ገና ዓይኑን አላዞረም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ሞሮኮ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ ጋር በዓለም አትሌቲክስ የቅርብ ክትትል ዝርዝር ውስጥ ከገባች ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ራሱን የቻለ ፀረ አበረታች ቅመሞች ተቋም ተቋቁሟል፣ በደም አብዢው ኢፒኦ የተያዘ ሯጭም በፍርድ ቤት እስከመታሰር ደርሷል። ይህ ትክክል ነው። ኢፒኦ ሌብነት ነው፣ የሚሰረቀውም ከጎን የሚሮጠው ሰው ነው። በማስታገሻ የሚሰረቀው ግን ራሱ የዋጠው ሰው ነው፤ ከነገው ላይ ለዛሬው ይሰርቃል። ፀረ አበረታች ሥራ ሌባን ለመያዝ የተሠራ ወጥመድ ስለሆነ የራሱን ቤት የሚሰርቅን ሰው አይይዝም። በክልከላ መዝገቡ ላይ ሌላ ስም መጨመር እንደማይፈይድ የማምነው ለዚህ ነው።

የሚቃወሙኝ አሉ፣ ክርክራቸውም የዋዛ አይደለም። ህመም ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም ይላሉ። እውነት ነው፤ ከባድ ልምምድ ባደረጉ በሁለተኛው ቀን የሚመጣው የጡንቻ ቁርጥማት ማንንም አልገደለም፣ ለዓመታት የቆየ ህመምም አንዳንዴ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነርቩ ላይ የቀረ ማሚቶ ነው። ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ይከብደኛል፦ ድሃ ነህና አእምሮህ ነጻ አይደለም ብሎ ለአትሌቱ መወሰን ንቀት ነው ይላል። ያ የሰከላ ልጅ ለእህቱ ትምህርት ብሎ ጅማቱን ቢሠዋ፣ አባቱ ለእሱ ብሎ ወገቡን ከሠዋው በምን ይለያል? ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሱ ቢወስን ይወስን፣ ነገር ግን ኪኒኑን የሚያቀብለው እጅ ከእሱ ሩጫ የሚበላ እጅ አይሁን። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማንም የቡድን ሰው ለጨዋታ ብሎ ማስታገሻ አይስጥ። ለአዋቂውም የሚሰጠው ሰው ምን እንደሰጠና ለምን እንደሰጠ ይጻፍ፣ ጉዳቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መርፌ አይወጋ። ክለብ ለተጎዳ ተጫዋች የእረፍት ደመወዙን ሳይቆርጥ ይክፈል። ከሁሉም ይልቅ ይኼ የመጨረሻው ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ የማይፈጸመውም እሱ ነው።

የወጌሻን ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በእኛ ክለቦች የቡድን ወጌሻ የሚለው ማዕረግ ዘመናዊው ፊዚዮቴራፒስት ከመጣም በኋላ አልጠፋም። ስለ ማሸቱና ስለ ስብራቱ ሐኪሞች የሚያነሱት ትችት ብዙ ነው፣ ብዙውም ልክ ነው፤ ወልቆ ነው ብለው የጎተቱት እጅ ተሰብሮ የተገኘበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የወጌሻ ምርመራ በሙሉ የቆመው በታማሚው “ውይ!” ላይ ነው። ራጅ የለውም። ጣቱን ያሳርፋል፣ ይሰማል። ማስታገሻ የዋጠ እግር ለእሱ የተቀደደ ደብዳቤ ነው፤ ስለዚህ በደመ ነፍስ “ምን ዋጥክ?” ብሎ ይጠይቃል። በፕሮፌሽናሉ ዓለም የጠፋው ይህ ጥያቄ ነው።

የነገሩ ሌላኛው ገጽ ደግሞ አለ፣ እሱን ሳስብ የስፖርቱ ክርክር የቅንጦት ይመስለኛል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም መሃል በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። የቆሰሉት ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ ማስታገሻ ማለት ለእነሱ ምን ማለት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሰፈረው፣ በዓለም ከሚሰራጨው ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ድሃው ግማሽ የዓለም ሕዝብ የሚደርሰው 1 በመቶ ብቻ ነው። ኳስ ተጫዋቹ ያላመመውን ሊያስታግስ በየጨዋታው ይውጣል፤ በካንሰር የምትሠቃይ የገጠር እናት የመጨረሻ ወሯን በፓራሲታሞል ትጨርሳለች። ማስታገሻን እንደ ክፉ ነገር የሚያይ ሰው ይህችን እናት ይይ። መድኃኒቱ ጥፋት የለበትም።

አጎቴ ጋ ሳምንት ያህል ቆየሁ። በመጨረሻው ቀን ቡሬው ከመስኩ መጣ፤ ጫንቃው ደረቅ ቅርፊት ይዟል። እጃቸውን አሳረፉበት፣ ጫን አደረጉት፣ በሬው ዝም ብሎ ሣር ማመንዠኩን ቀጠለ። ቀንበሩን ጫኑ። እርፉን ከመያዛቸው በፊት ግራ እግራቸውን አንድ ሁለቴ አጠፍ ዘርጋ አደረጉና እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱ። ማሸጊያው ላይ የቀረችው አንድ ፍሬ ናት። ዋጧትና ባዶውን ማሸጊያ ለልጃቸው ሰጡት።

“ከተማ ስትወርድ ይኸን ለመድኃኒት ሻጩ አሳየው። እንዲህ ያለውን ነው በለው።”